እናቴ ጓሮ ልታይ የሄደችበት አገር

በእኛ መንደር በኢዲዶ ሴት ልጅ ከመዳሯ በፊት የምትገባበት ቤት ይታያል። የሚታየው ግን ሳሎኑ አይደለም። ሳሎን ማንም ያሳምራል፤ ወንበርም ምንጣፍም ከጎረቤት ይዋሳሉ። ሊያይ የሄደው ሰው ሰላምታ ሰጥቶ፣ የቀረበለትን ቀማምሶ፣ "እስቲ እግሬን ላፍታታ" ይልና ወደ ጓሮ ይዞራል። እንሰቱ ምን ያህል እንደወፈረ፣ ቡናው የምን ዛፍ ጥላ ሥር እንዳለ፣ አፈሩ ሲረግጡት ገባ ይል እንደሆነ አይቶ ይመለሳል። ጓሮው ደህና ከሆነ ልጅቷ አትራብም። የቀረው የሰርግ ጉዳይ ነው።

ታናሽ እህቴ ለትምህርት ከሄደችበት ከጃፓን ደውላ "የዚህን አገር ሰው ላገባ ነው፤ እማዬ ካልመረቀችኝ ግን አላደርገውም" ያለች ቀን፣ እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ጓሮውን አይቼ እነግርሻለሁ።"

እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ሽማግሌ ይላክ ቢባል እስከ ጃፓን የሚሄድ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እሷ ራሷ ልትሄድ ሆነ፤ እኔም አብሬያት። ትኬቱን እህቴና እጮኛዋ ተጋግዘው ላኩልን። ችግሩ ወሩ ነበር። እህቴ "በኅዳር ኑ፤ ቅጠሉ የሚቀላው ያኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ብርድ ነው" አለች። ለእናቴ ኅዳር ማለት ቡና ነው። ኢዲዶ ላይ እጅ ያለው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ቡናው ሥር የሚውልበት፣ ሞተሩ ሁሉ ጆንያ ጭኖ ወደ ማጠቢያው የሚበርበት ወር ነው።

"ቅጠል ለማየት ብዬ ቡናዬን ጥዬ ልሂድ? እዚህ ቅጠል ጠፋ?" አለች። ስትነጫነጭ ሰንብታ በመጨረሻ ለቀማውን ለወንድሜ፣ ወንድሜን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ ተነሣች። ሻንጣዋ ውስጥ በኮባ ጠቅልላ የደበቀችውን ቆጮ ያገኘሁት ዲላ መናኸሪያ ስንደርስ ነው። አስወጣኋት። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አኮረፈችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ እምቢ እንድትል እፈልግ ነበር። እህቴ ያለችበት ቤት ሳቅ አያጣም፤ እሷ ከሄደች ወዲህ እኔና እናቴ ስንገናኝ ስለ ዝናብ አውርተን እንተኛለን። "ጓሮው አልተስማማኝም" የሚለው አንድ ቃል ከእናቴ አፍ ከወጣ እህቴ ትመለሳለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን መንገዱን ሁሉ ልቤ ውስጥ ነበር።

ዲላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በብርድ አገር ቅጠል ለምን እንደሚቀላና እንደሚረግፍ ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስረድቻለሁ። አረንጓዴው ሲሸሽ ሌላው ቀለም ብቅ ይላል እያልኩ በጠመኔ ስዬዋለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። አይቼው ግን አላውቅም። በእኛ አገር ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ያወጣል፣ ጫካው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። የማላውቀውን ነገር ሳስተምር እንደኖርኩ የገባኝ ከባቡር የወረድን ዕለት ነው።

ከዚያ በፊት ስለ እናቴ አማርኛ ልንገራችሁ። እናቴ ከእኛም ከጎረቤትም ጋር በጌዴኦ ቋንቋችን፣ በጌዴኡፋ ነው የምታወራው። አማርኛ የምታወጣው ለማታውቀው ሰው ነው፦ ለነጋዴው፣ ለቀበሌው፣ ለሐኪም ቤቱ። ስለዚህ በእሷ ቤት አማርኛ ማለት የባዳ ሁሉ ቋንቋ ነው። አውሮፕላን ውስጥም፣ ጃፓን ከገባን በኋላም፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ያለ አንዳች ጥርጣሬ በአማርኛ ታናግራለች። አማርኛዋ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሐኪሙን "ነይ"፣ ነርሷን "ና" ትላለች። "እማዬ፣ አይሰሙሽም" ብላት "ይሰማሉ፤ ኮርተው ነው" ትለኛለች።

የእህቴ እጮኛ ከባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። የድሮ የእንጨት ቤቶችን የሚጠግን አናጢ ነው። እናቴን ሲያይ ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ነሣና "እንኳን ደህና መጡ" አለ። እህቴ ያስጠናችው ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ "አላልኩሽም?" አለች።

ከዚያ ከጣቢያው ወጣን፤ እኔም ባለሁበት ቆምኩ። ፊት ለፊታችን ሰፊ መንገድ አለ፤ በግራም በቀኝም የተደረደረው ዛፍ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነው። አንድ እንኳ አረንጓዴ ቅጠል አልቀረበትም። አስፋልቱም ቢጫ፣ የመኪናው ጣራም ቢጫ። ከመንገዱ መጨረሻ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው ላይ ጥቁርና ነጭ የድሮ ግንብ ጣራ በጣራ ላይ ደርቦ ተቀምጧል። ከግንቡ ሥር ያለው ደን ሁሉ ቀይ ነው። ቀይ ስል ደፋር ቀይ፣ ሳይለቀም የዘገየ የበሰለ ቡና ቀይ። ጠመኔዬም መጽሐፌም ከአእምሮዬ ጠፉ። ዓይኔ እንባ ሞላው፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ፊቷን ሳየው የተደነቀች ሰው ፊት አልነበረም።

"መቼ ነው የታመመው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ገባኝ። ልጆች ሳለን እንሰታችንን በሽታ መትቶት ነበር። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ጎኑ ያለው፣ ከዚያ መስመሩ ሁሉ። እናቴ ቢላዋን በእሳት እያቃጠለች የታመመውን ስትቆርጥ፣ ማንም በእንሰታችን መሀል እንዳያልፍ ስትከለክል ትዝ ይለኛል። ለእሷ ቢጫ ቅጠል ማለት ይኸው ነው። አሁን አንድ ከተማ ሙሉ፣ አንድ ተራራ ሙሉ ታሞ አየች።

"አልታመመም እማዬ። በየዓመቱ እንዲህ ነው" አልኳት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው፤ ብርዱንም፣ የቀኑን ማጠርም አስረዳኋት።

"በየዓመቱ? ሁሉም በአንድ ጊዜ?"

"ሁሉም በአንድ ጊዜ።"

"አይሞትም?"

"አይሞትም። ብርዱ ሲያልፍ ያወጣል።"

ዛፎቹን አየች። "ሰዎቹ ታዲያ ለምን ይስቃሉ?" አለች። እውነቷን ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ፣ ፎቶ እያነሣ ይስቅ ነበር። ቅጠል ሲረግፍ ለማየት ከሩቅ ከተማ በባቡር የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ እጮኛዋ ቤት ሄድን። ከግንቡ በታች፣ በጠባብ መንገድ ዳር ያለ፣ ከአያቱ የወረሰው ጥቁር የእንጨት ቤት ነው። ጫማ አውልቀን ገባን። እናቴ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፤ አረንጓዴውን ሻይ ሳትጠላ ጠጣች፤ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ምስማር የሌለበት ቤት መሆኑን ሲነግሯት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የፈራሁትም የተመኘሁትም መጣ።

"እስቲ እግሬን ላፍታታ" አለች።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እጮኛዋ ምንም ስላልገባው ደስ ብሎት የጓሮውን በር ወደ ጎን ገፋላት።

ጓሮው ጠጠር ነበር። ነጭ፣ የተበጠረ ጠጠር፤ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነፍስ የሚታየውን መስመር በመጥረጊያ አውጥተውበታል። ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ቆመዋል። ጥግ ላይ ቅጠሉ አምስት ጣት ያለው አንድ ዛፍ አለ፤ እሱም ደም መስሎ ቀልቷል። በቃ። እኔ ባዶ ቦታ እንዲህ ሊያምር እንደሚችል አላውቅም ነበር። እናቴ ግን በተበጠረው ጠጠር ላይ በቀጥታ ተራመደችበት። መሀል ላይ ቁጢጥ አለችና በጣቷ ጫረች፤ አፈር ፍለጋ። ትጭራለች፣ ሌላ ጠጠር ይወጣል። ደግሞ ትጭራለች።

እጮኛዋ ምን ጠፍቷት እንደሆነ እህቴን ጠየቃት። እህቴ ነገረችው። ጆሮው ድረስ ቀላ። መስመሩን ስላበላሸችበት አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ ተነሥታ እጇን አራገፈች። "ድንጋይ ነው" አለች በጌዴኡፋ። "ልጄ ድንጋይ ላይ ልትኖር ነው።"

እህቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ፣ ምን ይደብቃል፣ ልቤ ዘለለች። አለቀ፤ ትመለሳለች አልኩ። ያን ቀን ግን እናቴ ሌላ አልተናገረችም። እህቴ ብትጠይቃት "ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ ልቤ ገና መንገድ ላይ ነው" ብላ አስቀረቻት።

በማግስቱ ግንቡን ልናይ ወጣን። ውኃ የሞላበት ሰፊ ቦይ ኮረብታውን ይዞረዋል፤ ቀዩ ቅጠል ውኃው ላይ ተኝቶ ውኃው አይታይም። ከውኃው ወዲያ የድንጋይ ግድግዳ ተነሥቷል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በሬ ያህላል፣ በመሀሉ ሲሚንቶም ጭቃም የለም። እናቴ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማነው የተቀበረው?" አለች። በእኛ ጌዴኦ ትልቅ ድንጋይ ተተክሎ ከታየ ሥሩ መቃብር ነውና። ማንም እንዳልተቀበረበት፣ የድሮ ጌቶች ጠላት እንዳይገባባቸው የካቡት መሆኑን ስንነግራት ተገረመች። "ለሞተ ሰው ሳይሆን ለሚፈራ ሰው ነዋ" አለች።

የግንቡ ውስጥ ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነው፤ በካልሲ፣ ገመድ እየያዙ ነው የሚወጡት። እኔና እህቴ እያለከለክን ስንወጣ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ቡና ተሸክማ ዳገት የወጣችው እናቴ ቀድማን ከላይ ሆና ትጠብቀናለች። ከጫፉ መስኮት ከተማው ሁሉ ይታያል፦ ጥቁር የሸክላ ጣራ፣ ወንዝ፣ ከዚያ ቀይ ተራራ፣ ከዚያ ቢጫ ተራራ፣ ከዚያ ሌላ ቀይ። ፀሐይዋ ደመና ሰንጥቃ ስትወጣ ተራራው ከውስጡ በራ። መስኮቱ ጋ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ኦ" አለ፤ እናቴም አለች። "ጌታ ሆይ፣ ይሄንንም ሠርተህ ኖሯል?" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፉን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ዛፍ ያየችው እዚያ ይመስለኛል።

ወርደን የግንቡ አትክልት ቦታ ገባን። መሬቱ ድንጋይና ግንድ ላይ በሚበቅለው ለስላሳ አረንጓዴ እንደ ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ በላዩ ቀዩ ቅጠል ዝም ብሎ ይወርዳል። ነፋስ የለም። ሰው ብዙ ነው፣ ድምፅ ግን የለም፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን የገባ ያህል በቀስታ ይራመዳል። እኔ አንድ ቅጠል ከጫፍ እስከ መሬት ድረስ ሲወርድ በዓይኔ ተከተልኩ፤ ከዚያ ሌላውን። ብሞት እዚህ ልሙት የሚያሰኝ ቦታ ነው።

እናቴ ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ አንድ ሽማግሌ የረገፈውን እየጠረጉ በትልልቅ ላስቲክ ከረጢት ያስገባሉ።

"የት ሊወስደው ነው?" አለች። እህቴ እጮኛዋን ጠይቃ "ይቃጠላል" አለቻት።

"ይቃጠላል?"

እኛ ጋ የረገፈ ቅጠል ከሥሩ አይነሣም። ለቡናውም ለእንሰቱም ምግቡ እሱ ነው፤ የጎረቤትን ቅጠል ጠርጎ የወሰደ ሰው አፈር ሰረቀ ይባላል። ልይዛት እጄን ስዘረጋ የለችም። ከረጢቱን አንሥታ፣ አፉን ፈትታ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ዘረገፈችው። ከዚያ ተንበርክካ በሁለት እጇ እየበተነች ግንዱን ዙሪያውን ታለብሰው ጀመር፤ ልክ ቤቷ እንደምታደርገው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኔ እናት ራሷ አነጠፈች።

ሽማግሌው እየጮኹ መጡ። እናቴም ቀና ብላ በአማርኛዋ ተቀበለቻቸው።

"አንቺ ሽማግሌ! ይሄ እኮ ምግብ ነው! ዛፉ ምን ትብላ? ልጅሽን ምግብ ከአፉ ነጥቀሽ ታቃጥያለሽ?"

ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። እህቴ በድንጋጤ አፏን በእጇ ያዘች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ እጮኛዋ እየሮጠ አለፈን። እናቴን አልነካትም፣ ተይ አላላትም። በእሷና በሽማግሌው መሀል ገብቶ ቆመና ከወገቡ እጥፍ አለ። ተናገረ፤ ደግሞ እጥፍ አለ። ሽማግሌው መጮኽ ካቆሙም በኋላ እሱ እንዳጎነበሰ ነበር።

"ምንድነው የሚለው?" አለች እናቴ።

እህቴ ተረጎመችላት። "እኔ ነኝ የደፋሁት፤ የእሳቸው ጥፋት የለበትም እያለ ነው።"

"ያየው ሰው ሁሉ እያለ?"

"ያየው ሰው ሁሉ እያለ።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ተናግረው ከረጢቱን ሰጡት። ቅጠሉ ከተከመረበት ያ ለስላሳ አረንጓዴ ታፍኖ ይሞታል፤ ለዚያ ነው የሚነሣው። አናጢው ተንበርክኮ እናቴ የበተነችውን በጣቱ ከአረንጓዴው ላይ እየለቀመ ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረ። እንዳይጎዳው አንድ በአንድ ነው የሚያነሣው። እናቴ ከላይ ቆማ አየችው።

"ውሸት ኃጢአት ነው በይው" አለቻት እህቴን። እህቴ ነገረችው። ቀና ብሎ፣ ከሚያውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱን መረጠ።

"አዎ" አለ።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከጎኑ ተንበረከከች። "እንግዲህ የአንቺ አገር ደንብ ከሆነ እንልቀመው" አለችው በአማርኛ። ምን እንዳለችው አልገባውም፤ ግን ከረጢቱን ወደ እሷ አስጠጋላት። ለቃሚ ናትና ከእሱ ትፈጥናለች። ሳይነጋገሩ ጨረሱ።

ከዚያ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እህቴን ጠራቻት፤ እህቴ እግሯ ሥር ተቀመጠች። እኔም ተጠጋሁ።

"ጓሮው ጓሮ አይደለም" አለች። "ድንጋይ ነው፤ አልዋሽሽም። አባትሽ ግን ኢዲዶ ላይ የታወቀ ጓሮ ነበረው። ለእኔ ብሎ ግን አንድ ቀን እንኳ ለሰው አንገቱን ደፍቶ አያውቅም። ይሄ ልጅ እንኳን ለአንቺ፣ ለእኔም ደፋ።" እጇን እህቴ ራስ ላይ ጫነች። ዓይኗን ጨፍና በጌዴኡፋ ጸለየች፤ ባረከቻት። ተስፋዬ ሁሉ በዚያች ጸሎት ውስጥ አለቀ፤ ግን አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

እህቴ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል እናቴ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

"አሁን አልቅሺልኝ።"

"ምን?"

"ስሞት አትደርሺም። ሰማዩን ስንት ቀንና ሌሊት እንደበረርኩት እኔ አውቃለሁ፤ ሬሳ እንዲህ ያለ መንገድ አይጠብቅም። እዚህ ብቻሽን በር ዘግተሽ፣ የሚይዝሽ ሳይኖር እንድታለቅሺ አልፈልግም። አሁን እኔው እየያዝኩሽ አልቅሺ። ያን ቀን ስልክ ሲደወልልሽ፣ አልቅሻለሁ በይና ሥራሽን ሥሪ።"

እህቴ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ የእናቴን ፊት አየች። ከዚያ አለቀሰች፤ እኛ አገር እንደሚለቀሰው፣ ደረቷን እየመታች፣ "እማዬ" እያለች። ያ ሁሉ ጸጥተኛ ሰው ዞሮ አየን፤ ወዲያው ደግሞ በትሕትና ፊቱን ወደ ዛፎቹ መለሰ። አናጢው ምን እንደሆነ ሳይገባው መጥቶ ከእህቴ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቴ እህቴን አቅፋ ጀርባዋን እየደባበሰች፣ ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው የሚለውን ሁሉ አለቻት።

"በቃ፣ በቃ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽ ልጆቿን አሳድጋ፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው። በቃ።"

እኔ ቆሜ ነበር። ቅጠሉ አሁንም ይወርዳል፤ ራሳቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ። "እኔስ እማዬ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺማ ቀባሪዬ ነሽ" አለች። "ያን ቀን ድንኳን ማስተከሉ፣ እንግዳ መቀበሉ ሁሉ በአንቺ ላይ ነው፤ ማልቀሻ ጊዜ አይኖርሽም። ነይ፣ አንቺም ቁጭ በዪና አልቅሺ።"

ሄጄ በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።